ኦዲተር ሲመጣ ብቻ የሚከፈት በር፦ በልብስ ፋብሪካዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሠራተኛ ደኅንነትና መብት ክትትል ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ወደዚህ ሥራ የሚመጡ ወጣቶች በተመሳሳይ ቦታ ሲሰናከሉ ማየት ስለመረረኝ ይህን ጻፍኩ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ለሠራተኛው ሳይሆን ለኦዲቱ ቀን መዘጋጀት ነው። ልብሱን የሚገዛው ድርጅት የሠራተኛ አያያዝን እንዲያጣራ የላከው ኦዲተር ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው በአደጋ ጊዜ መውጫው ፊት የተከመረው ካርቶን ይነሣል፣ የወለሉ ቢጫ መስመር እንደገና ይቀባል፤ እንግዳው በሄደ ማግስት ካርቶኑ ይመለሳል። እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በመጋዘኑ በኩል ያለው መውጫ፣ የጨርቅ ስርቆት በዝቷል ተብሎ፣ መቆለፉን እያወቅሁ በቅጹ ላይ «ክፍት ነው» ብዬ ፈረምኩ። ከሳምንታት በኋላ ከካውያ ክፍሉ ጭስ ሲነሣ ወደዚያ የሮጡት ሴቶች በሩን በእጃቸው ሲደበድቡት አየሁ፤ ቁልፉ ምሳ ሊበላ በወጣው የመጋዘን ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር። ጭሱ ቶሎ ጠፍቶ ሁሉም ቢተርፉም የእጆቻቸው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

እኛ የ2005 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ መስከረም 1 ቀን፣ ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ በዓሊ ኢንተርፕራይዝስ የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መውጫዎቹ ተቆልፈው፣ መስኮቶቹ በብረት ታጥረው የነበረው ይህ ፋብሪካ፣ ሠራተኞቹን በአግባቡ ይይዛል የሚያሰኘውን፣ ኤስኤ 8000 የተባለውን የማኅበራዊ ኃላፊነት ምስክር ወረቀት ያገኘው ከሳምንታት በፊት ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን ባንግላዴሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች አለቁ፤ በዋዜማው ሕንፃው መሰንጠቁ ታይቶ፣ እዚያው የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያስቀር፣ የፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን እንዲገቡ ታዘዋል። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ መውጫውን በር ሥራ በሚጧጧፍበት ሰዓት፣ ሳትናገሩ ሄዳችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ክፈቱት።

ትርፍ ሰዓት ሳይከፍሉ ለትምህርት ቤት ደብተር መለገስ ኃላፊነትን መወጣት አይደለም።

አንዱን እውነተኛ፣ ሌላውን ለኦዲተር የሚታይ አድርጋችሁ ሁለት ዓይነት የሰዓት መዝገብ አትያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ይገድባል፤ ክፍያውም ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ለቀን 1.5፣ ለሌሊት 1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት 2፣ ለሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ሠራተኛዋ የሠራችውን ሰዓት ከማንም በላይ ታውቃለችና መዝገቡን አሳይታችሁ አስፈርሟት።

የቋንቋው ጉዳይ በተለይ እዚህ ከተማ ያሳዝነኛል። ከመስፊያ መኪናው ፊት ከተቀመጡት ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ተናጋሪዎች ሆነው ሳለ መመሪያው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ ይለጠፋል። አንዲት ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ ልጅ፣ በየቀኑ የምታልፈው የቅሬታ ሣጥን ለችግረኞች መዋጮ የሚጣልበት መስሏት ስድስት ወር ቆይታለች፤ የሚያመናጭቃት አለቃ ግን ነበራት።

በመጨረሻ፣ የገዥውን ድርሻ አትሸፋፍኑ። የልብሱን ቀለም በመጨረሻው ሳምንት ቀይሮ የማስረከቢያውን ቀን የማያራዝም ገዥ፣ በሌላ ወኪሉ በኩል ትርፍ ሰዓቱ ለምን በዛ ብሎ ይጠይቃል። ለውጡን ያዘዘበትን ደብዳቤ ከነቀኑ ከዚያ ሳምንት የሰዓት መዝገብ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡና ኦዲተሩ ሲጠይቅ ሁለቱንም አንድ ላይ አቅርቡለት።