የፍርድ ቤት መዝገብ ቆጥረው ለሚጽፉ

ጅማ ላይ የሕግ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አያጣም፦ «ሰበር ችሎቱ አብዛኛውን የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ይሽራል።» ማስረጃው ምንድን ነው? የታተሙት የሰበር ውሳኔ ቅጾች! ልጆቼ፣ ወደ ፌዴራል ሰበር፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድ ያረፈባቸውን ጉዳዮች የሕግ ስህተት ወደሚያርመው ችሎት፣ የሚቀርብ አቤቱታ መጀመሪያ በሦስት ዳኞች ይጣራል፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት የለበትም የተባለው እዚያው ይቀራል። ያለፈውን አምስት ዳኞች ያዩታል፤ ከዚያም ውስጥ ተመርጦ ይታተማል። ከዚህ ተነስቶ መቶኛ ማውጣት ለውጭ ገበያ የተለቀመ ቡና አይቶ ስለ ማሳው መፍረድ ነው። ቅጾቹ ሕጉ እንዴት እንደተተረጎመ ይነግሯችኋል። ስንቱ እንደሚሻር ማወቅ የሚፈልግ ግን ከአቤቱታ መቀበያው መዝገብ ይነሳ፤ ያላለፉትንም ይቁጠር።

«መዝገቡ ተዘግቷል» የሚለውን አይቶ «ተከሳሽ ረታ» ብሎ የሚሞላም አለ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ቢገልጥ ከሳሽ በቀጠሮው ቀን አልቀረበም፣ ወይም ዕዳው ተከፍሏል፣ ወይም ሽማግሌ አስታርቋል። ሦስቱ ሦስት ነገር ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሰው ያንኑ መዝገብ ለየብቻ ይሙላ፤ ያልተስማሙበትን ቁጭ ብለው ይዩት።

የፍቺና የውርስ ጉዳይ የምታጠኑ ደግሞ የወረዳ ፍርድ ቤቱን ብቻ ይዛችሁ ስለ ጅማ አትጻፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ ጉዳያቸው በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷል፤ እዚህ ብዙ ሰው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም አገር ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የእስራኤል የአመክሮ ጥናትም ዳኞች ከምግብ ዕረፍት በኋላ ይራራሉ ስላለ ሁሉም ይጠቅሰዋል። የጉዳዮቹ ቅደም ተከተል በዕጣ እንዳልነበረና ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች ከዕረፍቱ በፊት ወዳለው መጨረሻ ይቀርቡ እንደነበር የተነሳውን ትችት ግን ማንም አይጠቅስም። የዕለቱን መዝገብ ማን እንደሚደረድር ሳትጠይቁ ስለ ዳኛው ሆድ አትጻፉ።

አንድ መዝገብ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ስትቆጥሩም ፍርድ ቤት የሚዘጋበትን የክረምት ወቅት የዳኛ መዘግየት አታድርጉት።

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ነው፤ የጅማን የመሬት ጽሕፈት ቤት በእሱ አትለኩት። እዚያ የሚከብደው ደግሞ ፋይል የሌለው ውሳኔ ነው። «ነገ ተመለስ» የተባለ ባለጉዳይ ማመልከቻው ቁጥር አልተሰጠውም፤ በእናንተ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡና የመጣውን ሰው ቁጠሩ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዕለቱን ገቢ መዝገብ አስፈቅዳችሁ ተመልከቱ።