«ተነሳ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንላለን?

«ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን።» ይህን ለውጭ አገር እንግዳ ሲናገሩ «ስታንድ አፕ አት ትዌልቭ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እንግዳው የሚሰማው ሌላ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ከወንበራችን ብድግ እንላለን! አማርኛ በአንድ «ተነሳ» የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ስለዚህ ከራሳችን ቃል እንጀምር።

መጀመሪያ ወረቀት ያዙና ማን ወይም ምን እንደተነሳ ጻፉ። ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ «ጌት አፕ» ነው። ከወንበር ሲነሳ «ስታንድ አፕ»። ለመንገድ ሲነሳ «ሴት ኦፍ»። አውሮፕላን ሲነሳ «ቴክ ኦፍ»። እሳት ወይም ጦርነት ሲነሳ «ብሬክ አውት»። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲነሳ «ካም አፕ»። ሰዓቱንም አትርሱ፤ የእኛ ጠዋት 12 ለእነሱ «ሲክስ» ነው።

ቀጥሎ መጨረሻ ላይ የምትለጠፈዋን ትንሽ ቃል ተከታተሉ። ብዙ ጊዜ ትርጉሙን የያዘችው እሷ ናት። «ኦፍ» ከነበሩበት መላቀቅን ታሳያለች። «ሴት ኦፍ» ጉዞ መጀመር፣ «ሲ ኦፍ» ቦሌ ድረስ ሄዶ መሸኘት፣ «ድሮፕ ኦፍ» ሰው በመኪና አድርሶ ማውረድ። ሁሉም ውስጥ መለየት አለ። ሁልጊዜ ግን አትመኗት፤ «ፑት ኦፍ» ቀጠሮ ማራዘም ነው። «አውት» ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። «ሄድ አውት» ማለት ወጥቶ መሄድ ነው። «ሄድ» ከእኛ «ሄደ» ጋር የተመሳሰለው በአጋጣሚ ነው፤ ለማስታወስ ግን በጣም ይረዳል።

ለፈሊጦቹ ሌላ ዘዴ አለ፤ የመጡበትን ቦታ በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉ። ብዙዎቹ ከስፖርት ሜዳ የወጡ ናቸው። «ኪክ ኦፍ» የእግር ኳስ መጀመሪያ ምት ነው፤ ዛሬ ስብሰባም ይከፈትበታል። «ፍሮም ስክራች» የሩጫ መነሻ እንዲሆን መሬት ላይ ከተጫረ መስመር የመጣ ነው። ያለ ምንም ብልጫ ከመስመሩ የተነሳ ሯጭ ከባዶ ጀመረ ማለት ነው። ሽንኩርት ከመላጥ ጀምራችሁ ወጥ ከሠራችሁ «ፍሮም ስክራች» ሠርታችኋል። «ጃምፕ ዘ ጋን» ሽጉጡ ሳይተኮስ መሮጥ ነው። ዩሴን ቦልትን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ በ100 ሜትር ፍጻሜ ቀድሞ ተነሳና ከውድድሩ ተሰረዘ። ገና ያልተወሰነ ነገር ቸኩሎ ለሚያወራ ሰውም ይህንኑ ይላሉ።

ከመጠቀማችሁ በፊት ከማን ጋር እንደምታወሩ እዩ። «ሂት ዘ ሮድ» እግራችንን እናንሳ እንደማለት ነው፤ ለጓደኛ ጥሩ ነው፣ ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ግን አይመከርም። እዚያ «ሊቭ» ይበቃል።

በመጨረሻ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ስለ ነገ ውሏችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ስንት ሰዓት «ጌት አፕ»፣ ስንት ሰዓት «ሴት ኦፍ»፣ ማንን የት «ድሮፕ ኦፍ» እንደምታደርጉ። ከነገ ወዲያ ሌላ ሦስት ጨምሩ።