ወደ አላስካ በመርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲያትል ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የአላስካ መርከብ በየሳምንቱ የምናየው ነገር ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መስከረም ማብቂያ ድረስ እንደ ፎቅ የተደራረቡ ነጫጭ መርከቦች ከወደቡ ይነሳሉ። ብዙዎቻችን በታክሲ ሥራ መንገደኛ እስከ በራፋቸው አድርሰን ተመልሰናል። እናቴን፣ ታላቅ እህቴንና ልጇን ይዤ በነሐሴ መጀመሪያ ራሴ ስሳፈር ግን የማውቀው የመርከቡን ውጫዊ መልክ ብቻ እንደነበር ገባኝ። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ምግቡና ስለ መዋኛ ገንዳው ስናነብ ከርመን፣ ስለምንሄድበት አገር ምንም አላጠናንም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ የመነጩ ናቸው።

ከአሜሪካ የማይወጡ መስሎዎት ፓስፖርትን ችላ ማለት

አላስካ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ መርከቡም የሚነሳውና የሚመለሰው ሲያትል ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ፓስፖርት ምን ያደርግልኛል ይላል። ይሁን እንጂ ከሲያትል የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሌላ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ መርከብ አንድም የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛን ከአሜሪካ አሳፍሮ በአሜሪካ ወደቦች አዙሮ እንዳይመልስ ይከለክላል። በጉዞው ማብቂያ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በምሽት፣ ካናዳ ቪክቶሪያ ከተማ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ከቪዛው ነጻ ነው፤ ነገር ግን ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትም መያዝ አለበት። የእናቴ ፓስፖርት ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ስጠይቃት "ግሪን ካርድ አለኝ አይደለም ወይ ልጄ?" አለችኝ። የታደሰው ፓስፖርት እጃችን የገባው ልንሳፈር አሥራ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍናቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚህ የከፋም አለ። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ወላጆች ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ካናዳ ደርሶ መመለስ ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሳል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ሰው ደግሞ ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። እነዚህ ወገኖች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። የአንድ ሳምንት ሽርሽር የዓመታት ድካምን ሊያስከፍል አይገባም።

የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት አላስካም የሚጠብቅ መምሰል

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ እሱንም ክረምቱ ከባድ ነው እንላለን። መርከቡ ከሚቆምባቸው ወደቦች አንዷ የሆነችው ኬቺካን ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ዙሪያዋን የከበባት ቶንጋስ የተባለው ደን፣ በአሜሪካ በስፋቱ አቻ የሌለው ብሔራዊ ደን፣ ያን ያህል የለመለመው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃንጥላ ይዞ መሄድ አይጠቅምም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። የሚያስፈልገው ቆብ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማና ትርፍ ካልሲ ነው። እናቴ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ጋቢዋን ስትይዝ "በነሐሴ?" ብዬ ከሻንጣው ያወጣሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በሰኔ አጋማሽ የሚሄዱ ሰዎች ደግሞ ብርሃኑን ያስቡበት። ጁኖ ከተማ በዚያ ሰሞን ከ18 ሰዓት በላይ ፀሐይ አላት። ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ እኩል ሊባል በሚችልበት አገር ላደግን ለእኛ እንቅልፍ ይዛባል። መጋረጃውን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት፣ ካልሆነም የዓይን መሸፈኛ መያዝ ይረዳል።

መንገዱን ሳያዩ በዋጋ ብቻ መምረጥ

የአላስካ ጉዞ ሲባል ሁሉም በደሴቶች መካከል በተከለለው ጸጥተኛ ውሃ የሚያልፍ ይመስላል። ከካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ የሚነሱት አብዛኞቹ እንዲህ ያደርጋሉ። ከሲያትል የሚነሱት ግን ብዙውን ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ገላጣውን ፓስፊክ ውቅያኖስ ይዘው ነው የሚወጡት። የመጀመሪያው ሌሊት እህቴ ከአልጋ አልተነሳችም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚሠራው ከመናወጡ በፊት ሲወሰድ ነው፤ ከጀመረ በኋላ ጥቅሙ ያንሳል። ክፍል ሲመርጡ ደግሞ ከፍ ብሎ ከፊት ያለው ሳይሆን ዝቅ ብሎ መርከቡ መሐል ላይ ያለው ይሻላል፤ ንቅናቄው እዚያ ቀላል ነው።

የበረዶ ግግሩንም ቢሆን ያረጋግጡ። ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን የሚያስገባው ሁለት ትልልቅ መርከቦችን ብቻ ስለሆነ፣ ርካሽ የተባለው ጉዞ ከነጭራሹ እዚያ ላይገባ ይችላል።

ጀበናን ከእነ ከሰሉ ማሰብ

እናቴ ጀበናዋን፣ ሲኒዎቿን፣ ዕጣኗንና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ በጨርቅ ጠቅልላ አዘጋጅታ ነበር። በመርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው። ስለዚህ ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ የልብስ ካውያ፣ ሻማና ዕጣን ሻንጣ ሲፈተሽ ይያዛሉ። ቤት የተጋገረ እንጀራና የተሠራ ወጥም አብዛኞቹ ኩባንያዎች አያስገቡም። ሲኒዎቿን ብቻ ይዛ ገባች፤ ከመርከቡ የቀዳነውን ቡና በእነሱ አድርጋ ሦስቱንም ዙር አጠጣችን።

በዚያው ቀን የሚሠራ ሌላ ስህተት አለ። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ተሸካሚዎች ተቀብለው ይወስዱታል፤ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ፓስፖርቱንና የስኳር መድኃኒቱን እዚያ ውስጥ ከትቶ በመግቢያው ላይ ሲጨነቅ ያየሁትን ሰው አልረሳውም። ሰነድና መድኃኒት ከእጅ አይለዩም።

ጾሙን ሳይናገሩ መሳፈር

ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ነበር፤ ቀኑን ስቆርጥ የቀን መቁጠሪያ አላየሁም። እናቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። በመርከባችን ዋናው ምግብ ቤት የምሳ አገልግሎቱን የሚጨርሰው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በዳቦና በፍራፍሬ አሳለፈች። ማታ ለአስተናጋጆቹ አለቃ ሄጄ ስነግረው ሰውየው በእውነት አዘነ፤ ቀድመን ብንነግረው ኖሮ ከመጀመሪያውም ይዘጋጅ እንደነበር ነገረን። ከዚያ በኋላ ምስር፣ ሽምብራና አትክልት ተለይቶ እየተሠራ፣ በዘጠኝ ሰዓት ይቀርብላት ጀመር።

የሚነገረው ቃል ወሳኝ ነው። "ቬጂቴሪያን" ካሉ አይብና እንቁላል ይመጣል፤ "ቪጋን" ይበሉ፤ ሩዙም በቅቤ እንዳይነካ ደግመው ያስረዱ። ሐላል የሚፈልጉ ወገኖችም ጥያቄያቸውን ከጉዞው ከሳምንታት በፊት ለኩባንያው ማሳወቅ አለባቸው፤ ተሳፍሮ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር መነጋገር

ይህ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው፤ ሌላ ተጓዥ አይገባበትም።

ኬቺካን ከተማ መሐል ለመሐል የሚወርድ ጅረት አለ፤ በዳርቻው በእንጨት ምሰሶ ላይ የተሠሩ ቤቶች ተሰልፈዋል። በነሐሴ ሳልመን ዓሣ ከባሕር ተመልሶ በዚያ ጅረት ሽቅብ ይወጣል። እናቴ መርከቡ ላይ ከተዋወቀቻቸው ሌላ ኢትዮጵያዊት እናት ጋር ድልድዩ ላይ መቆየት ፈለገች። እኛ ሌላ ቦታ ልናይ ስንሄድ፣ በመርከቡ ማስታወቂያ እንደተጻፈው "አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው መርከብ ውስጥ መሆን አለበት" አልኳት። ማስታወቂያው የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ማለት ነው። እሷ የሰማችው ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። በእጇ ያሰረችው ሰዓት አሜሪካ ከገባች ጀምሮ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሄደው።

ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መርከቡ በር ላይ አጣናት። የእህቴ ልጅ በዝናብ ሮጦ ሲደርስ ሁለቱ እናቶች የጃኬታቸውን ቆብ ደፍተው፣ በአጥሩ ላይ ተደግፈው ወደ ታች ያያሉ። ዓሦቹ ጀርባቸው ከውሃው ወጥቶ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጩ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ እንደገና ይሞክራሉ። "ና እይ ልጄ" አለችው፤ "ገና ሰባት ሰዓት እንኳን አልሞላም እኮ!" በሩ ሊዘጋ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ገባን።

መርከብ አይጠብቅም። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ላይ ሆነው ቢዘገዩ ኩባንያው ኃላፊነቱን ይወስዳል፤ በራስዎ ወጥተው ከሆነ ግን ችግሩ የእርስዎ ነው። ጁኖ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ብትሆንም ከውጭ የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ የቀረ ሰው መውጫው አውሮፕላን ወይም ጀልባ ነው። በዚያ ላይ አላስካ ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሰዓቱን በቃል ሳይሆን በወረቀት፣ "ከቀኑ" ወይም "ከምሽቱ" የሚለውን ጨምረው፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ለእያንዳንዱ ሰው ይስጡ።

"ሁሉም ተከፍሏል" ማለት

የትኬቱ ዋጋ ክፍሉን፣ መደበኛውን ምግብና ጉዞውን ይሸፍናል። ለሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ በየቀኑ በየሰው ሒሳብ ላይ ይጨመራል፤ በብዙዎቹ መርከቦች ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው። ለአራት ሰው ለሰባት ሌሊት ከ400 ዶላር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ኢንተርኔት፣ ለስላሳ መጠጥና የወደብ ጉብኝቶች ለየብቻ ይከፈላሉ። ስልክዎን ከወደብ ሲወጡ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ የመርከቡ የስልክ መረብ ውድ ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ግን ሁሉንም ጉብኝት አይተዉ። አንዱን ይምረጡ። እኛ የመረጥነው የስካግዌይ ወደብን ባቡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በወርቅ ፍለጋው ዘመን ሥራው ተጀምሮ በ1900 የተጠናቀቀ፣ ገደሉን እየታከከ እስከ 873 ሜትር የሚወጣ ጠባብ ሐዲድ ነው። የእኛ የጅቡቲ ባቡር ሥራ ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እናቴ ለገሃር አጠገብ ያደገች የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ፉርጎው ተንገጫግጮ ሲነሳ እጄን ያዘችኝ፤ እስከ ላይ ድረስ አልለቀቀችም። ድንበር ተሻግረው ካናዳ የሚገቡ ጉዞዎችም ስላሉ ፓስፖርቱን እዚህም ይያዙ።

ምሰሶውን ጣዖት ማለት

በየወደቡ ከዝግባ ዛፍ የተቀረጹ ረጃጅም ምሰሶዎች ያያሉ። አንድ የአገራችን ሰው፣ በቀራጩ ፊት፣ ጮክ ብሎ "ጣዖት ነው፤ ፎቶ አልነሳም" ሲል ሰማሁ። ቀራጩ ቋንቋው ባይገባውም የሰውየው ፊት ይነበብ ነበር። የቀድሞ ሚስዮናውያንም እንዲሁ ተሳስተዋል። ምሰሶዎቹ አይመለኩም፤ የጎሳን ታሪክ፣ የሟችን መታሰቢያ፣ አንዳንዴም ያልተከፈለ ዕዳን ይናገራሉ። ትሊንጊት የተባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ አንዱ የቁራ፣ ሌላው የንስር ነው፤ ልጅ የእናቱን ወገን ይከተላል። ንባብ ባልነበረበት ዘመን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተሣለው ታሪክ ለእኛ አያቶች ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። "ጉናልቼሽ" ማለት በቋንቋቸው አመሰግናለሁ ነው። እናቴ ስትለው ቀራጩ መሣሪያውን አስቀምጦ ደግማ እንድትለው ጠየቃት።

የበረዶውን ቀን በእንቅልፍ ማሳለፍ

ግሌሸር ቤይ ላይ መርከቡ የትም አይቆምም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ወደብ የለም ብሎ አርፍዶ ይተኛል። ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ባሕረ ሰላጤው ሁሉ በረዶ ነበር፤ ዛሬ በረዶው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሸሽቷል። መርከብ የሚሄድበት ውሃ ትናንት በረዶ የነበረ ነው። በጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች ተሳፍረው በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ፤ አቅራቢ መነጽር ይያዙ፤ ያለዎትን ልብስ ሁሉ ይደርቡ።

እናቴ የእኔን ካፖርት ለብሳ፣ ነጠላዋን በላዩ ተከናንባ ቆመች። ከሰማያዊው ግድግዳ አንድ ቁራጭ ያለ ድምፅ ተላቆ ወደቀ፤ ድምፁ የደረሰን ውሃው ከተነሳ በኋላ ነው፤ እንደ ሩቅ መብረቅ። ሰዉ ሁሉ በተሻለ ቦታ ለማየት ከወዲያ ወዲህ ይሯሯጥ ነበር፤ አያስፈልግም። ካፒቴኑ መርከቡን ባለበት ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ሁለቱም ጎን ተራው ይደርሰዋል። አንድ ቦታ ይያዙና ይጠብቁ።