በሌዘር ፕላዝማ ስፔክትሮስኮፒ የብረትን ይዘት በትክክል ለመለካት

አጭር የሌዘር ምት በብረት ገጽ ላይ በጠባብ ነጥብ ሲያርፍ፣ ኢምንት የሆነ ቁስ ይተንና ሙቀቱ ከ10,000 ኬልቪን የሚበልጥ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ ትኩስ ጋዝ) ይፈጠራል። ፕላዝማው እየቀዘቀዘ ሲሄድ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ በሆኑ የሞገድ ርዝመቶች (መስመሮች) ብርሃን ስለሚያወጣ፣ ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚለየው ስፔክትሮሜትር በብረቱ ውስጥ ምን እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ያስችላል። በእጅ የሚያዙ የኤክስሬይ መሣሪያዎች የማይደርሱባቸውን ሊቲየምን፣ ቤሪሊየምንና ካርቦንን መለካቱ የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ ነው። ይሁን እንጂ የውጤቱን ታማኝነት የሚወስነው ከሌዘሩ ኃይል ይልቅ የናሙናው ገጽ ንጽሕናና የማመሳከሪያ ናሙናዎቹ (ይዘታቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎች) ምርጫ ነው።

ሌዘሩ የሚነካው እጅግ ስስ የሆነ ንብርብር ስለሆነ፣ ቀለም፣ ዝገት ወይም ዘይት ካልተወገደ የሚለካው ብረቱ ሳይሆን ቆሻሻው ይሆናል። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ሲያጸዱ የወረቀቱን ዓይነት ያጣሩ፤ ሲሊከን ካርባይድ ያለበት ወረቀት ሲሊከንም ካርቦንም ስለሚተው፣ እነዚህን ለመለካት ሲፈለግ በአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ወይም በዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) የተሠራውን መጠቀም ይገባል፤ አሉሚኒየም ሲለካ ግን አሉሚናው ራሱ አይሆንም። የጣት ወዝም ካርቦን ስላለው የጸዳውን ቦታ በእጅ አይንኩ።

ከመተኮስዎ በፊት መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የ1064 ናኖሜትር ጨረር ለዓይን ስለማይታይ፣ ከሚያብረቀርቅ ብረት ነጥሮ የተመለሰው እንኳ ሳይታወቅ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ መነጽሩ ለዚሁ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት። ቤሪሊየም ያለበት ቅይጥ ሲለካ የሚተነው ብናኝ መርዛማ በመሆኑ በመምጠጫ መወገድ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ጥቂት ምቶችን ለማጽጃ ተኩሰው ንባባቸውን ይተዉ። ከምቱ በኋላ ወዲያው የሚወጣው ደማቅ ብርሃን መስመሮቹን ስለሚሸፍን፣ ንባቡ አንድ ማይክሮሰከንድ ያህል ዘግይቶ ቢጀምር ይመረጣል። ለካርቦን የ193.09 ናኖሜትር መስመር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አየር በዚህ አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚውጥ የብርሃኑ መንገድ በአርጎን መሞላት አለበት። የ247.86 መስመር አርጎን ባይፈልግም የብረት ንጥረ ነገር (Fe) ለሚያወጣው የ247.98 መስመር እጅግ ስለሚቀርብ በቀላሉ ያሳስታል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የማመሳከሪያ መስመሩ፣ ማለትም የብርሃኑን ጥንካሬ ከንጥረ ነገሩ መጠን ጋር የሚያዛምደው ግራፍ፣ አሠራር ነው፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያው ንጥረ ነገር በተመሳሳይ መጠን ቢኖርም በአሉሚኒየም ቅይጥና በአይዝጌ ብረት ውስጥ የሚሰጠው ብርሃን ስለሚለያይ፣ ማመሳከሪያዎቹ ከሚለካው ቁስ ጋር አንድ ዓይነት መሆንና የሚጠበቀውን መጠን ከታችም ከላይም ማቀፍ ይኖርባቸዋል። የምቶቹ ጥንካሬ ከምት ወደ ምት ስለሚዋዥቅ፣ የሚፈለገውን ንጥረ ነገር የብርሃን መስመር ጥንካሬ በናሙናው ዋና ንጥረ ነገር (ለምሳሌ በአይዝጌ ብረት በFe) መስመር ጥንካሬ አካፍሎ ንጽጽሩን መውሰድ ውጤቱን ያረጋጋል። የተሠራውን የማመሳከሪያ መስመር ደግሞ በሥራው ባልተካተተ ሌላ ማመሳከሪያ ናሙና ይፈትኑት።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ 316 እና 316ኤል የተባሉት አይዝጌ ብረቶች ያሳያሉ። የመጀመሪያው እስከ 0.08 በመቶ፣ ሁለተኛው እስከ 0.03 በመቶ ካርቦን ይፈቀድለታል፤ በሌላው ይዘታቸው እጅግ ይቀራረባሉ። መሣሪያው ሊለየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ለ0.03 የቀረበ ከሆነ ሁለቱን ለመለየት አይበቃም፤ በተለያዩ ነጥቦች ደጋግመው ለክተው አማካዩን ከነልዩነቱ ይመዝግቡ፤ ልዩነቱ ከሰፋ ናሙናውን ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ይሻላል።