የጀልባችሁ መከለያ ውሃ አቆረ? ተቀደደ? ችግርና መፍትሄው

ጣና ላይ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል፤ የበጋ ፀሐይና የክረምት ዝናብ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ባለ ቀን እንኳ ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፣ ጨርቅም ትበላለች። ሁለቱንም የሚከልል የጨርቅ መከለያ በእጅ መሥራት ከባድ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ከተዘረጋ በኋላ ነው። ያኔ "ጨርቁ አይረባም" ብላችሁ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ። አብዛኛው ችግር የጨርቁ ሳይሆን የአወጣጠሩ ነው።

የምንነጋገረው ጀልባዋ ታስራ በቆመችበት ስለሚዘረጋ መከለያ ነው። ለመጓዝ ስትነሡ አውርዱት። ነፋስ ከያዘው ጀልባዋን ሊገለብጣት ይችላል።

መሃሉ ላይ ውሃ ያቁራል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማታ ዝናብ ጥሎ ካደረ ጠዋት መከለያው ሆዱን ጥሎ ታገኙታላችሁ። ነገሩን አታቅልሉት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ላይ በአማካይ 5 ሳንቲሜትር ውሃ ከቆመ 50 ሊትር ነው፤ 50 ኪሎ ማለት ነው። ያ ሁሉ ክብደት ያለው ከጀልባዋ አናት ላይ ነው። ትንሽ ስትወዛወዝ ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሄድና እሷንም ይዟት ያጋድላል።

መንስኤው መሃሉ ከፍ አለማለቱ ነው። አራቱን ማዕዘን እኩል ከፍታ ላይ ያሰረ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢወጥረው፣ ጨርቁ ሲርስ መርገቡ አይቀርም። ስለዚህ ከደቀሉ (ሸራው ከሚሰቀልበት ምሰሶ) ወደ ኋላ የሚሄደውን አግዳሚ እንጨት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩና መከለያውን በላዩ ጣሉት። ሁለቱ ጎኖች በየአንድ ሜትሩ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይውረዱ። አግዳሚው አጭር ከሆነ ከደቀሉ እስከ ጀልባዋ ጭራ ወፍራም ገመድ ወጥሩ።

ጎኖቹ ከረገቡ ደግሞ ቀርከሃ ጨምሩ። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው የአዊ ቀርከሃ ለዚህ ተስማሚ ነው። ተሰንጥቆ ቀስት ሆኖ ይታጠፋል። አንጓውን ግን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ጫፉንም በጨርቅ ጠቅልሉት። አለበለዚያ ጨርቁን ፈግፍጎ ይበሳዋል። ከዚያ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ባልዲ ውሃ አናቱ ላይ አፍስሱ። ውሃው የቆመበት ቦታ ገና ያልተስተካከለው ቦታ ነው።

ማዕዘኑ ተቀደደ፣ የገመድ ማሰሪያ ቀለበቱ ተነቀለ

ቀዳዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ወደ ገመዱ አቅጣጫ ከረዘመ፣ ጥፋቱ የመጎተት ነው። ጠርዙ ጸጉር መስሎ ከተበተነ ግን የሆነ ነገር እየፈገፈገው ነው፤ የሚነካውን እንጨት ወይም ገመድ ፈልጉና በዚያ በኩል ተጨማሪ ጨርቅ ስፉበት።

ለመጎተቱ መላው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀለበት በነጠላ ጨርቅ ላይ አይመታም። ጠርዙን አጥፉት፣ በእጥፉ ውስጥ ገመድ አሳልፉ፣ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ደርቡ። ቀለበቱ ከዚያ ይምጣ። ቀለበት ካጣችሁ ከሐይቁ ዳር ለስላሳ ጠጠር አንሡ። ጠጠሩን በጨርቁ ሸፍኑና አንገቱ ላይ በገመድ እሰሩት። ሳትበሱት ያዘላችሁ ማለት ነው። ለጊዜው ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታውም እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ገመዱ ትንሽ ይሳብ። ባሕር ዳር ብስክሌት የበዛባት ከተማ ናት፤ ያረጀ ካላማዳሪያ ጎማ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። በሁለት ጣት ስፋት ቆርጣችሁ በቀለበቱና በገመዱ መካከል አስገቡት። ነፋሱ ድንገት ሲመታ ጎማው ይለጠጣል፣ ጨርቁ ይተርፋል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ዳርቻ ስለሚነፍስ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሐይቁ አዙራችሁ እሰሯት። ነፋሱ ሰፊውን ጎን አያገኘውም።

በስፌቱ ያንጠባጥባል

የጥጥ ክር እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ፖሊስተር ክር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስፌቱም ረዘም ረዘም ያለ ይሁን በሉት። መርፌው ከተጠጋጋ ጨርቁ ይበሳሳል። እጥፉ አፉን ወደ ታች ማድረግ አለበት፤ ወደ ላይ ከከፈተ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ የንብ ሰም በስፌቱ ላይ በሁለቱም ወገን አሹበትና ፀሐይ ላይ አስጡት። ማር በሞላበት በጎጃም ሰም ፈልጎ ማጣት የለም።

ጨርቁ አዲስ የጥጥ ሸራ ከሆነ አንዴ በደንብ አርሱትና አድርቁት። ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል። ዝናብ ላይ ከውስጥ በእጅ አትንኩት፤ የተነካበት ቦታ ያንጠባጥባል።

ማታ ተወጥሮ ጠዋት ላልቷል

ናይሎን ገመድ ሲርስ ይረዝማል። የቃጫና የጥጥ ገመድ ደግሞ ሲርስ ያጥራል፣ በውጥረቱ ቀለበት ይነቅላል። ናይሎኑን ጠዋት መልሳችሁ ሳቡት፤ ቃጫውን ማታ ጥቂት ላላ አድርጉት።

እየተፈረፈረ ነው

ሰማያዊ ላስቲክ ከሆነ የፀሐይ ሥራ ነው፣ መጠገን አይቻልም። ብጥስጣሹ ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ ሰብስባችሁ አንሡት። ዓሣውም ወፉም በሐይቁ ነው የሚኖረው። በምትኩ ወፍራም የድንኳን ሸራ ይሻላል።

ጥላ አለ፣ ፀሐይ ግን ትገባለች

በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ ከአናት ትቆማለች። በሰኔ በሰሜን፣ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከጎን ነው የምትመጣው። መከለያውን ማስፋት ነፋስ መጋበዝ ነው። ይልቅ እንደ ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዛወር አንድ የጎን መጋረጃ ስፉ። አቡጀዲም ይበቃል።

ሻገተ፣ ሸተተ

አየር አጥቷል። ፊትና ኋላውን አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተዉት። የጀልባዋን ሸራ እርጥብ እንደሆነ ጠቅልላችሁ ከሥሩ አታስቀምጡ። የሻገተውን በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትጠፉት። ካጠባችሁት በኋላ ሰሙን በስፌቱ ላይ እንደገና አሹበት።