ሴጌቶ ስትገዙ ቀለሙን አትዩ

ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ ሴጌቶ (የእጅ ብረት መጋዝ) ሊገዛ የመጣ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀይ ከሆነና እጀታው ላስቲክ ከለበሰ፣ በቃ፣ ይከፍላል። ኧረ በፈጣሪ! እዚያው ሱቁ ውስጥ ምላጭ አስገቡበትና ምላጩን የሚወጥረውን ዳዶ አጥብቁት። ከዚያ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ምላጩና ፍሬሙ በአንድ መስመር ካልሄዱ ለባለሱቁ መልሱለት። «ሲሠራበት ይስተካከላል» ቢላችሁ አትስሙት፤ አይስተካከልም። ስስ ፍሬም ሲወጠር ይጎብጣል፣ ምላጩ ይላላል፣ የላላ ምላጭ መስመር ይስታል፣ ከዚያ ቀጭ! ጥፋቱ ግን በምላጩ ይሳበባል። ሌላ ይገዛል፣ ያም ይሰበራል። ለምላጭ የወጣው ብር ቢጠራቀም ደህና ፍሬም ይገዛ ነበር።

ምላጩን በግልባጭ ማስገባትም አለ። ሴጌቶ የሚቆርጠው ሲገፋ ነው፤ ጥርሱ ወደ ፊት ይይ።

ጥርስ ሳያዩ መግዛት ሌላው ነው። ምላጩ ላይ 18፣ 24 ወይም 32 የሚለው በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። ለወፍራም ብረትና ለአሉሚኒየም 18፣ ለአንግል (ማዕዘን ብረት) እና ለፌሮ 24፣ ለላሜራ (ስስ የብረት ሉህ) እና ለቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ብረት) 32። አንድ ልጅ ለቡና መጋዘን በር የመጣ ቱቦላሬ በ18 ሲገዘግዝ አገኘሁት። የብረቱ ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.4 ሚሊ! ብረቱ ጥርሶቹ መሃል ገብቶ እየነቀነቀ አረገፋቸው፤ እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ ይጫነዋል። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። በቀጭን ብረት 32ም ቢሆን ቀጥ ብሎ ከወረደ አይደርስም፤ ሴጌቶውን አጋድሙት።

ሁለመናው የጠነከረ ምላጭ ለሠለጠነ እጅ ጥሩ ነው፤ ጀማሪ ግን ትንሽ ካጣመመው ይሰብረዋል። የባይሜታል ምላጭ ጥርሱ ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ጠንካራ ብረት ነው፣ ጀርባው ይተጣጠፋል። ይወደዳል፤ ለማጅ ያለበት ጋራዥ ግን እሱን ይግዛ።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ዳዶውን አላሉና እንዳይዝግ ዘይት የነካ ጨርቅ አሳልፉበት።

እንደ ጥይት መተኮስም ይቅርባችሁ። በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ምት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ይግልና ይደንዛል።

ምላጭ መሃል ላይ ከተሰበረባችሁ አዲሱን በዚያው ስንጥቅ አታስገቡ። ያለቀ ምላጭ የሚከፍተው መንገድ ጠባብ ስለሆነ አዲሱ እዚያው ይነክሳል። ብረቱን ሞርሳው (ማሰሪያው) ላይ አዙራችሁ ከሌላው ወገን ጀምሩ።