ከገና እስከ ጥምቀት ወገብንም ሆድንም የሚያሳርፍ ዮጋ

የገና ዋዜማ ነበር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ። ሽንኩርቱ ገና እየተቁላላ ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ በሌላው አማስላለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስከትፍ፣ ዶሮ ስበልት፣ በሎሚ ሳጥብ ስለዋልኩ ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። ዮጋን ለበዓል መጠቀም የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ኩሽና ውስጥ ላሉት። ከምድጃው ራቅ በሉና እጃችሁን ጠንካራ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አድርጉ። ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ፣ ጀርባችሁ እስኪዘረጋ ድረስ ከዳሌያችሁ ጎንበስ በሉ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ አንገታችሁን ልቀቁት። 5 ጊዜ ረጅም ትንፋሽ። ስትነሱም በዝግታ፣ አለበለዚያ ያዞራል። ይህንን በየሰዓቱ አንዴ ካደረጋችሁ ማታ ወገባችሁ ልዩነቱን ይነግራችኋል።

ከዚያ ሆድ አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ በሽሮና በምስር የሰነበተ ሆድ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ቅቤና ጠላ በአንዴ ሲወርድበት ይጨነቃል። ጠግባችሁ በልታችሁ ዮጋ እንዳትሠሩ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ጠብቁ። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚሆነው ቫጅራሳና የሚባለው ነው፤ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ እጅን ጭን ላይ አሳርፎ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። ጋቢ አጥፋችሁ ከቂጣችሁ ሥር ብታደርጉ ይቀላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ይበቃል። መተኛት ግድ ከሆነና ቃር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ትራሱን ከፍ አድርጋችሁ በግራ ጎን ተኙ።

አንዳንዶች ዮጋ ከእምነታችን ጋር አይሄድም ብላችሁ ትሰጋላችሁ፣ ይገባኛል። እኔ የምወስደው እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ብቻ ነው፣ ጸሎቴን የምጸልየው እንደ ድሮው ነው።

ትንፋሹን ደግሞ ቡና ሲፈላ ሞክሩት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ቄጠማው ይሸታል፣ እጣኑ ይሸታል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ እዚያው ሁኑ፣ ነገ ማን ቤት እንደምትሄዱ አታስቡ። ማዕድ ላይም ይሠራል። «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እኔም እምቢ አልልም። ግን አላምጬ ጨርሼ፣ አንድ ትንፋሽ ወስጄ ነው ወደ ትሪው እጄን የምመልሰው። ሆድ ጠገብኩ ለማለት ጊዜ ይፈልጋላ!

ጠዋት በባዶ ሆድ 10 ደቂቃ ካገኛችሁ በእጅና በጉልበት ቁሙና ትንፋሽ ስታስወጡ ጀርባችሁን እንደ ድመት አጉብጡ፣ ስታስገቡ ወገባችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ደረታችሁን ክፈቱ። ቀጥሎ በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ጣል ማድረግ። እርጉዝ የሆናችሁ፣ ደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ከታች ያለውን እግርን ግድግዳ ላይ የመስቀሉን ነገር በተለይ።

እሱ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጥር 10 ታቦት አጅባችሁ በእግር ሄዳችሁ፣ ጥር 11 ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ስትመለሱ እግራችሁ ያብጣል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ዳሌያችሁን ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ በጀርባችሁ ተኙና እግራችሁን ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ መቆየት ነው። ባለፈው ጥምቀት ማታ እኔ ስጀምር ልጆቼ አይተው መጥተው ጎኔ ተኙ፣ ስድስት እግር ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ትንሿ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።